በአንድ ዳስ ሁለት ሙሽራ

የእንሶስላ ሥር ሲወቀጥ የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጓሮ አሁን የተነቀለ ድንች ከነአፈሩ እንደሚሸተው ያለ ነገር ነው፤ ጥሩ ነው አይባል፣ መጥፎ ነው አይባል። በእኛ አገር ሴት ልጅ ልትዳር ስትል ሥሩ ተቆፍሮ ይመጣል፣ ይላጣል፣ ይወቀጣል፣ ከዚያ እጇና እግሯ ላይ ተለጥፎ በጉሎ ቅጠል ይታሰራል። ሲፈታ ቆዳዋ ቀልቶ ይገኛል። ቅላቱ በውሃ አይለቅም፣ በሳሙና አይለቅም፤ ራሱ ሲሰለቸው ነው የሚሄደው። ዛሬ እኔ በምኖርበት በደብረ ታቦር ሙሽሮቹ ውበት ሳሎን ሄደው ጥፍራቸውን ያስቀባሉ፤ የእንሶስላ ነገር ብታነሱላቸው ስለ ቅድመ አያታቸው የምታወሩ ይመስላቸዋል። እኔም ሽታውን ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። ባለፈው ጥር ግን እስቴ ውስጥ እህቴ ቤት ደጃፍ ስደርስ ከጓዳ ወጥቶ ተቀበለኝ። አንድ እግሬ ውስጥ፣ አንድ እግሬ ውጭ እንደሆነ ቆምኩ። ስልሳውን ያለፍኩ ሴት ነኝ።

የሄድኩት ለሠርግ ነው። ታላቅ እህቴ ዓለምነሽ የልጅ ልጇን አበባን ልትድር ነው፣ ብትቀሪ አንተያይም ተብዬ ተጠርቼ። መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ ገና መከፈቱ ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ መካነ ኢየሱስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ባጃጁ እምቢ ካለበት ወዲያ በእግሬ። ሻንጣዬ ውስጥ ለአበባ የሰፋሁላት ቀሚስ አለ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሙሽራ ሳለብስ ኖሬ፣ ለራሴ ሙሽርነት ምን እንደለበስኩ የጠየቀኝ ቢኖር ወሬ ለውጬ ነው የማልፈው። አሁን ልናገር፤ አቡጀዲ ነበር።

ዓለምነሽና እኔ ተወልደን ያደግነው ላይ ጋይንት ነው፣ ከንፋስ መውጫ ዝቅ ብሎ ካለ መንደር። ንፋስ መውጫ ያኔም እንደ ስሟ ነበረች፤ በገበያ ቀን ንፋሱ የአንዷን ነጠላ ገፍፎ ሌላዋ ትከሻ ላይ ይጥለው ነበር። በስሙኒ የተገዛ ከረሜላ ለመንደሩ ልጅ ሁሉ ይዳረሳል። ሀብታም የምንለው ሰው ኮንጎ ጫማ ያደረገውን ነው፤ እሱም ቢሆን ዝናብ ሲመጣ ጫማው እንዳይበላሽ አውልቆ በብብቱ ይይዘዋል። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቁ ፊት ራዲዮ አስቀምጦ ነበርና ሴቶቹ ዘፈኑን ለመስማት ሲሉ ክር የሚገዙ መስለው ይቆማሉ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ክሩ ተወደደ ብለው ይሄዳሉ። ዘመኑ የማን ነበር ብትሉኝ፣ አንዱ ሊወርድ ሌላው ሊወጣ የሚጠባበቅበት ይመስለኛል፤ ለእኛ መንደር ግን ጭቃው ያው ጭቃ ነው። እንግዲህ በአንዱ ገበያ አባታችን ነጭ አቡጀዲ ይዞ መጣ። እናታችን ከአንዱ ጨርቅ ትልቅና ትንሽ ቀሚስ ቆርጣ አወጣች። ትንሹ የኔ ነው። ከዚያ በፊት የዓለምነሽን እላቂ እንጂ አዲስ ልብስ ለብሼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት እናቴ፣ "ከእህትሽ ጋራ ነዋ የምትሄጅ" አለችኝ። ከዓለምነሽ ጋራ ከሆነ ገደልም ቢሆን እሄዳለሁ። የምተኛው እጇን ይዤ ነው፤ ጠጕሬን የምትሠራኝ እሷ ናት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም ደጅ አጎዛ ላይ አስቀምጠው እንሶስላውን አሰሩልን። ለሙሽራ እህት እጅ ብቻ ይበቃል፤ እግር የሙሽራ ነው። እኔ ይህን ወግ መች አውቄው፤ እግሬን ዘርግቼ "እኔንም፣ እኔንም" አልኩ እንጂ፤ እሱንም አሰሩልኝ። እጃችን ሁሉ በጉሎ ቅጠል ስለታሰረ ዝንብ ሲያርፍብን አንዳችን በሌላችን ትከሻ ላይ ፊታችንን እያሸን በሳቅ ፈረስን። ከዕድሜሽ አንድ ቀን ምረጪ ብባል ያችን ከሰዓት እመርጣለሁ። በማግስቱ ዳሱ ውስጥ በተደረደሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ፊት አጎንብሰን ጉልበት እንድንስም ተደረገ። ዓለምነሽ ትስማለች፣ እኔ እከተላለሁ። "ውለጂ ክበጂ" ይሉኛል። የፊት ጥርሶቼ ረግፈው በቅጡ አልሞሉም ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ አንድ እንኳ "ይቺ ምንድን ናት?" ብሎ ጉልበቱን የሰበሰበ የለም። ከዚያ በቅሎዎቹ መጡ። ሴቶቹ ሙሽራ ወደኋላ አትዞርም፣ እንዳትዞሩ ብለው ሸኙን።

ከመንደራችን ቁልቁል ሲወረድ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ከሥሩ መንገዱ ይከፈላል፤ በቀኝ ወደ እስቴ፣ በግራ ወደ ስማዳ። እስከዚያ ድረስ በቅሎዎቹ ተከታትለው ነው የሄዱት፤ ዓለምነሽ ከፊት፣ እኔን ደግሞ አንድ ሚዜ አፈናጦኝ ከኋላ። ሾላው ጋ ስንደርስ የሷ በቅሎ ወደ ቀኝ ታጠፈች። የኔዋ ወደ ግራ። የተሳሳቱ ነው የመሰለኝ። ሚዜውን "በዚያ ነው እኮ፣ በዚያ ነው" ስለው ሳቀ። ያኔ ነው የገባኝ። "ዓለምነሽ!" ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። እልልታውና ጭፈራው ሁለቱንም መንገድ ሞልቶት ነበር። ነጩ ቀሚሷ እስኪጠፋኝ ድረስ አየኋት፤ ዞር አላለችም። አልሰማችኝም፣ ጭፈራው ነው እያልኩ ኖርኩ።

ስማዳ የነበሩት አማቶቼ ክፉዎች አልነበሩም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርጉት ክፉዎች ብቻ ስለሚመስሉት ነው። አማቴ ልጀ እያለች ራሴን ቅቤ ትቀባኝ ነበር። ቀን ደህና ነኝ። ሲመሽ ግን የበሩ መቀርቀሪያ ሲገባ የሚሰማ ድምፅ አለ፤ እስከዛሬ ድረስ ቤቴ መቀርቀሪያ አላስገባሁም። ከዚህ በላይ አልጽፈውም። ሰውነቴ ሳይጠና አረገዝኩ። ልጁ አልተረፈም፤ እኔን በቃሬዛ ተሸክመው ወገዳ አወጡኝ፣ ከወገዳ በጭነት መኪና ንፋስ መውጫ ሐኪም ቤት። ስድን ወደ ስማዳ አልተመለስኩም። የዚያ የባለ ራዲዮው ሱቅ ነጋዴ ሚስት፣ ዘይነባ የሚሏት ሙስሊም ሴትዮ፣ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጬ ስታየኝ ማን ነሽ ሳትል፣ "መርፌ ላይ ክር ማስገባት ትችያለሽ?" አለችኝ። እችላለሁ አልኩ። የቀረው ዕድሜዬ በዚያ ነው የተሰፋው።

እና ባለፈው ጥር እንሶስላው ሸተተኝ ብያችሁ ነበር። ለአበባ ነዋ ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። አበባ ሃያ ሊሞላት ነው፤ የምታገባውም መካነ ኢየሱስ ሱቅ ያለው፣ ራሷ የወደደችው ልጅ ነው። ቀሚሱን ሳወጣው እዚያው ለክታው አለቀሰች። ከኋላዋ እየተከተለች የምትላላክላት ታናሽ እህቷ ብርቱካን ናት፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። እናታቸው ብርቱካንን በወለደች በሳምንቷ ስላረፈች ሁለቱንም ያሳደገቻቸው አያታቸው ዓለምነሽ ናት። የብርቱካን እጅ ቀልቷል። ይሁን፣ የሙሽራ እህት ናት። ግን ልጅቱ ካልሲ አድርጋለች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ያ ሁሉ ሴት በባዶ እግሩና በነጠላ ጫማ ሲራወጥ እሷ ብቻ ነጭ የወንድ ካልሲ እስከ ባቷ ስባለች።

"ምነው ልጀ፣ እግርሽን በረደሽ?" አልኳት።

"እምዬ ናት እንዳታወልቂ ያለችኝ።" እምዬ የምትለው አያቷን ነው።

"ነይ እስቲ።"

ጭኔ ላይ አስቀምጬ ካልሲውን ዝቅ አደረግሁት። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀልቷል። መልሼ ወደ ላይ ሳብኩት። ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ፤ "እማማ፣ አሞዎት ነው?" አለችኝ። ውሃ አምጭልኝ ብዬ ላክኋት።

ዓለምነሽን ጓዳ አገኘኋት፤ ጌሾ እያበጠረች ነው። የልጅነት ጥሪያችን ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"እታለም፣ ሁለተኛው ሙሽራ ከየት ነው የሚመጣ?"

እጇ አላቆመም። መዋሸት ግን ከድሮም አትችልበትም። "ከስማዳ" አለች።

"የቀበሌ ሰዎች አልመጡም?"

"መጡ እንጅ። የሙሽራይቱን ዕድሜ ጠየቁ፣ አበባን አሳየናቸው። ጠላ ጠጥተው መርቀው ሄዱ። ባንድ ዳስ ሁለት ሙሽራ ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል?"

"ልጅ ናት እኮ!"

"ጮክ አትበይ።" ሰፌዱን አስቀመጠችው። "ምን ላድርጋት? ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ማገዶ ለቃሚ ሆናለች። ጫካ ስትወርድ እስክትመለስ ነፍሴ የለችም። ጊዜውን አታይም? እናት የላት። እኔ ዛሬ ልሙት ነገ አላውቅም። ባለባል ከሆነች ግን የሚጠይቅላት ወገን አላት። እኔም አንችም እንዲሁ ነው የሆንን፤ አልሞትንም።"

"እኔ ሞቼ ነበር፣ እታለም። በቃሬዛ ነው የወጣሁት።"

ስለ ቃሬዛው በዝርዝር ነግሬያት አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ ግን ነበረኝ፤ ከሾላው ጀምሮ የያዝኩት። "ያን ጊዜስ ታውቂ ነበር? መንገዱ እንደሚለያይ?" አልኳት። ሰፌዱን አንስታ ወጣች።

ወደ ልጇ ሄድኩ። ስጦታው የልጆቹ አባት ነው፤ ከጎረቤቶቹ ጋራ የዳሱን ባሕር ዛፍ ያስራል። እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ፤ ምን ልል እንደመጣሁ ገብቶታል። "አክስቴ፣ ያደግሁት የሰው ድግስ እየበላሁ ነው" አለኝ። "ይኼ ሁሉ ጎረቤት ሲድር ጠርቶኛል፤ የጠራኝን ሁሉ መጥራት አለብኝ። ዘንድሮ ለአበባ፣ ከርሞ ለብርቱካን ብደግስ የማርስበትን በሬ ነው የምሸጥ። ከዚያ በምን ላርስ? ላንዴ በተጣለ ዳስ ሁለቱንም ካወጣሁ ግን እገላገላለሁ። ለስማዳው ልጅ አባት ቃል ከሰጠሁ ደግሞ ቆይቷል።" ከጋብቻ በኋላ ልጅቱ እስክትጠና እንደ ልጃችን እናሳድጋታለን ብለውኛል አለ። ለእኔም እንዲያ ተብሎ ነበር። ይህንን ስነግረው እግሩ ሥር ያለውን ቅርንጫፍ አንስቶ፣ "አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግሁ፣ ይተዉኝ እባክዎ" አለኝ።

በራዲዮ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ሲሉ እሰማለሁ። ሲሉት እንደ ትኋን ነው፤ መድኃኒት ተነፍቶበት የሚወጣ። የማውቀው ግን ሌላ ነው። አያት በፍርሃት ትይዘዋለች፣ አባት በይሉኝታ፣ ጎረቤት በሆዱ፤ ልጅቱ ደግሞ በአዲስ ቀሚስ ደስታ። ማንን ይዤ ልክሰስ? ስልኬን አውጥቼ አየሁት፤ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። ቢሠራስ ማን ነው የሚያነሳው? ለአበባ ምርቃት የመጡትን ቄስ፣ የቤቱን የነፍስ አባት፣ ጥግ ይዤ ነገርኳቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝና፣ "እኔ የተጠራሁት ለአበባ ነው፤ ስለ ትንሿ የነገረኝ የለም" አሉ።

"አሁን ነገርኩዎት፣ አባቴ።"

"ሠርግ ቤት አይበጠበጥም። ከሠርጉ ወዲያ በሽምግልና እናየዋለን" አሉኝ። ከሠርጉ ወዲያ ምኑ ይታያል? ተናድጄ እጃቸውን ሳልስም ተመለስኩ።

ብርቱካን ውሃውን ይዛ ስትፈልገኝ ኖሯል። አጠገቤ ተቀመጠችና ስለ መካነ ኢየሱስ ታወራልኝ ጀመር። አበባ ቤት ቴሌቪዥን አለ። ከሱቁ ጀርባ ቧንቧ አለ። ትምህርት ቤት እዚያ ከተከፈተ ከአበባ ቤት እየተመላለሰች ትማራለች።

"ማን ነው ከአበባ ጋራ ትሄጃለሽ ያለሽ?"

"እምዬ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አዲስ ቀሚስም አለኝ" አለችኝ።

እነግራት ይሆን? አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ብነግራት ትሮጣለች፤ ወዴት ትሮጣለች? ልጅቱን ይዤ እንዳልወጣ መንደሩ በሙሉ ደጅ ላይ ነው። ያንን ቀን በሙሉ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እየሳቅኩ ዋልኩ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሁለቱም ወገን መጣ። የአበባ ሙሽራ በሚኒባስና በባጃጅ እያስጮኸ፣ የስማዳዎቹ በእግርና በበቅሎ። በአንድ ዳስ ሲቀመጡ ለማያውቅ አንድ ሠርግ ነው። የስማዳው ሙሽራ ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ፣ ሃያ አምስት የሚሆነው ሰው ነው። ክፉ ፊት ብፈልግበት አጣሁ፤ እሱም አናደደኝ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ከበሮው ጋለ። ከዚያ ሙሽሮቹ ጉልበት ይሳሙ ተባለ።

እኛ ቤተ ዘመዶቹ ተደርድረን ተቀምጠናል፤ ከዳር እኔ፣ ቀጥላ ዓለምነሽ፣ ከዚያ ቄሱ፣ ከዚያ ስጦታው። አበባ በሰፋሁላት ቀሚስ መጣች፤ ጉልበቴን ስማ ስትነሳ ከልቤ መረቅኋት። እሷ አልፋ ስትሄድ ብርቱካን ተከተለች። ቀሚሱ ረዝሞባት በአንድ እጇ ይዛዋለች፤ ካልሲው አሁንም አለ። ፈገግ ብላኝ አጎነበሰች።

እግሬን ወደ ውስጥ ሰበሰብኩና ጋቢዬን ጉልበቴ ላይ ጠቀለልኩ።

የረሳሁ መስሏት፣ "እማማ፣ ጉልበትዎን" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አልሰጥም" አልኩ። ድምፄ ከፈራሁት በላይ ወጣ።

ከበሮ የምትመታው ሴት እጇን ቆዳው ላይ እንዳስቀመጠች ቀረች። በእኛ አገር ከቤተ ዘመድ መካከል አንድ ትልቅ ሰው ጉልበቱን የነፈጋት ሙሽራ ምርቃት ሳይሆን እርግማን ይዛ ወጣች ማለት ነው። ሰው ቂም ቢኖረው እንኳ ለዚያች ቀን ዋጥ አድርጎ ጉልበቱን ይሰጣል። እኔም እንዲህ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ስጦታው ብድግ ብሎ መጥቶ ክንዴን ጨበጠኝ፤ "በሰው ፊት አያዋርዱኝ" ይለኛል ጥርሱን ነክሶ። የስማዳው ሽማግሌ፣ የሙሽራው አባት፣ ከመቀመጫው ተነሣ።

"እመት፣ ምን አጥፍተን ነው? ቅሬታ ካለ አስቀድሞ ይነገራል እንጅ።"

"ቅሬታዬን እሷ ትነግርዎታለች" አልኩት። "ብርቱ፣ ዛሬ ወዴት ነው የምትሄጅ?"

"ከአበባ ጋራ።"

"ያ ጥቁር ኮት የለበሰው ማን ነው?"

ዞር ብላ አየችው። አሰበች። "እንግዳ" አለች።

ከሴቶቹ አንዷ አፏን ያዘች። ሙሽራው አንገቱን ይበልጥ ደፋ። ሽማግሌው ወደ ስጦታው ዞሮ፣ "ልጅቱ አልተነገራትም?" ሲለው ስጦታው ክንዴን ለቀቀው። ልጅቱ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየች ነው። አበባን ፈለገች፤ አበባ ፊቷን በቀሚሷ ሸፍና ታለቅሳለች። ያኔ ገባት። ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁት። እኔ ሾላው ሥር የገባኝን ነገር በሌላ ሰው ፊት ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ዳግመኛ እንዳያሳየኝ።

"እምዬ?" አለች። ወደ ዓለምነሽ ጉልበት ተንደረደረች።

ጉልበቱ ክፍት ነበር። እህቴ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እጇ ቀሚሷ ላይ፣ ጉልበቷ አበባ ስትስመው እንደነበረ ተዘጋጅቷል። ዘወር ብዬ ላያት ፈራሁ። ብትሰጣት አለቀ፤ የኔን ክልከላ የአንዲት የከተማ ሴትዮ ንዴት ነው ብለው ያልፉታል። ልጅቱ ስታጎነብስ ሰማሁ፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ከዚያ የጨርቅ ድምፅ ሰማሁ። ስዞር ዓለምነሽ ነጠላዋን ስባ ጉልበቷን ሸፍናለች። ልጅቱን ግን አልገፋቻትም፤ በሁለት እጇ አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፣ ራሷንም በነጠላው ሸፈነችላት።

ሽማግሌው ወደ ወገኖቹ ዞረ። "ተነሡ" አለ ለሰዎቹ። "ሁለት አሮጊት የነፈጓትን ልጅ ወስጀ ቤቴ ምን ላስገባበት ነው?" አዝኖላት አይደለም፤ ፈርቶ ነው። አልዋሽም፣ ለዚያ ሰዓት ፍርሃቱ በቅቶኛል። በኋላ እንደሰማሁት ግን ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለዚያው ልጃቸው ከሌላ መንደር አመጡለት። ዕድሜዋን የነገረኝ የለም፣ ስሟንም አላውቅም። ያቺ የሳመቻቸው ጉልበቶች ክፍት ነበሩ ማለት ነው። ሳስባት መርፌው ጣቴን ይወጋኛል።

አበባ በወጉ ተሸኘች። ስጦታው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እርስዎ ሲለኝ የኖረ ሰው፣ በሩ ላይ፣ "ቤቴን አፈረስሽው" አለኝ። አንች ያለኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት ዓለምነሽ የብርቱካንን ልብስ በፌስታል አድርጋ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው። ልጅቱን አገላብጣ ሳመቻት። እኔን አልሳመችኝም፣ ደህና ሁኝም አላለችኝም። ይዣት ወረድኩ።

ይኸው ብርቱካን ከእኔ ጋራ ናት። ያመለጣትን ክፍል ከትናንሾች ጋራ ተቀምጣ ትማራለች፤ ረጅሟ እሷ ስለሆነች ከኋላ ወንበር ነች። ከሰዓት ሱቄ መጥታ ቁልፍ ትተክላለች፤ ስልኬን ከሷ ማስጣል አልቻልኩም። መጀመሪያ ሰሞን ካልሲዋን አላወልቅም ብላ አስቸግራኝ ነበር። የእግሯ ቅላት ቆዳው ላይ ቀስ በቀስ ለቀቀ፤ ጥፍሯ ላይ ያለው ግን ጥፍሩ ካላደገ አይሄድምና እየተቆረጠ ነው የሚያልቀው። ከእህቴ ወሬ አልነበረም። በመጀመሪያ ኔትወርኩ ነው አልኩ። ኔትወርኩ መጣ፤ እሷ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም፤ ሁለታችንም የአባታችን ልጆች ነን።

ባለፈው ሳምንት ክረምቱ ሲገባ፣ ቀሚስ እየተኮስኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የስጦታው ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የሷ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"የልጅቱ እግር ለቀቀ?" አለችኝ።

"ከአንድ ጥፍሯ ጫፍ በቀር ለቋል።"

"እሰይ።" ዝናብ ጣሪያዋ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። የዘጋችው መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ላነሳ ስል፣

"ማንጠግቦሽ" አለች።

"አቤት፣ እታለም።"

"ያን ጊዜ ሾላው ሥር ስትጠሪኝ፣ ሰምቼሽ ነበር እኮ። እንዳትዞሪ ብለውኝ ነው።"